ለፈጣን መኪና ጎማ ሲመረጥ፦ ከዋጋው በፊት የሚነበበው የጎማው ጎን

በ2017 ዓ.ም ለመኪናው ጎማ ሊገዛ ወደ ሱቅ የገባ ሰው በጎማው ጎን ላይ «0817» የሚል ቁጥር ታትሞ ቢያገኝ፣ በዚያው ዓመት የተመረተ መስሎት ደስ ሊለው ይችላል። ቁጥሩ ግን የሚነበበው በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። «0817» በጎርጎርሳውያኑ የ2017 ስምንተኛው ሳምንት ሲሆን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 2009 ዓ.ም ላይ ይውላል። ጥርሱ ያልተነካው፣ ጥቁረቱ የሚያብለጨልጨው ጎማ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው።

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። እህል በጎተራ ሲሰነብት ነቀዝ እንደሚያገኘው ሁሉ፣ ከጎማ ዛፍ ከሚገኘው ወተት መሰል ፈሳሽና ከነዳጅ ተዋጽኦዎች የተቀመመው የጎማ አካልም በአየር፣ በሙቀትና በፀሐይ ቀስ በቀስ እየደረቀ ይጠነክራል። የጠነከረ ጎማ አስፋልቱን በተለይም እርጥቡን አስፋልት አይጨብጥም። አዲስ አበባ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የፀሐይ ጨረሯም የበረታ ከተማ ናት፤ በሱቅ ደጃፍ ለወራት ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ መጋዘን ውስጥ ከተቀመጠ እኩያው ቀድሞ ያረጃል። በርካታ የመኪና አምራቾች ጎማ ስድስት ዓመት ሲሞላው እንዲቀየር ይመክራሉ። እንደ ሚሽሊንና ኮንቲኔንታል ያሉ የጎማ አምራቾች ደግሞ ከተመረተ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢኖርም እንኳ ከአገልግሎት እንዲወጣ ያሳስባሉ።

ቁጥሩን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መመለስ ከባድ አይደለም። ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ ላይ ስምንት፣ ከ37 ጀምሮ ከሆነ ሰባት ይቀነሳል። ቁጥሩ «ዲኦቲ» ከሚሉት ፊደላት ተከትሎ በሚመጣው ረጅም መለያ መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜም በአንደኛው ጎን ብቻ ይታተማል። በአንደኛው ጎን የጠፋበት ገዥ ጎማውን አገላብጦ ማየት ይኖርበታል። «ማየት አያስፈልግም» የሚል ሻጭ ካጋጠመው ጥርጣሬው ሊጨምር ይገባል።

አራት መዳፍ

የመኪና ሞተር የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ከመሬት ጋር የሚገናኘው በአራት ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካበት ስፋት ከአንድ ሰው የእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። መፍጠን፣ መታጠፍና መቆም ሁሉ በእነዚያ አራት መዳፎች ያልፋል። ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ፍሬን የሚያጠፋው ጉልበት በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ስለሚጨምር፣ በሰፈር ውስጥ ችግሩ የማይታወቅ ደካማ ጎማ ጉዱ የሚታየው በፈጣን መንገድ ላይ ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖር የፈጣን መኪና ባለቤት ሁለቱንም ዓይነት መንገድ በአንድ ጉዞ ያገኛቸዋል። ከጀሞ ወይም ከለቡ ተነሥቶ በሃይሌ ጋርመንት በኩል ሲወጣ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን፣ ጠርዙ የተሸረፈ አስፋልትና ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ያልፋል። በሃይሌ ጋርመንት ወዳለው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭነው የሚመጡት የጭነት መኪኖችም በክረምት የገጠሩን ጭቃ በጎማቸው ይዘው ይገባሉ። ከዚያ ቀለበት መንገድ ይቀጥላል። በቃሊቲ አልፎ ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ ደግሞ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ይጀምራል፤ በዚያ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ለጉድጓዱ የሚመች ጎማና ለፍጥነቱ የሚመች ጎማ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የምርጫው ችግርም እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ ክብደት የሚሰጠው የገበያው ሁኔታ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለን ባለ ቤንዚን ፈጣን መኪና በሌላ መተካት ቀላል አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ደግሞ ከውጭ የሚገባውን የጎማ ዋጋ ከዶላሩ ጋር አንሮታል። በዚህ የተነሣ ብዙ ባለቤቶች አንድም የላሸውን ጎማ «እስከ ክረምት ያድርሰኝ» ብለው ያቆዩታል፣ አንድም የተገኘውን ርካሽ ይገዛሉ። መኪናው ትንሽና ቀርፋፋ ቢሆን አደጋው መጠነኛ በሆነ ነበር፤ ለፈጣን መኪና ግን ሁለቱም መንገድ ውድ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

ልኩና ፊደሉ

በጎማው ጎን ላይ «225/45 አር 17 91 ደብሊው» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 45 የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱ 45 በመቶ መሆኑን፣ «አር» የውስጥ ክሮቹ አሠራር ራዲያል መሆኑን፣ 17 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይገልጻል። እንደ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ያሉ መኪኖች ከሚጫሙባቸው ልኮች አንዱ ይህ ነው።

የመጨረሻዎቹን ቁጥርና ፊደል ብዙ ገዥ ያልፋቸዋል፤ ለፈጣን መኪና ግን ከሁሉም የሚበልጡት እነሱ ናቸው። 91 አንድ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል ያመለክታል። ፊደሉ ደግሞ ጎማው የሚችለውን የፍጥነት ጣሪያ ይናገራል፦ «ቲ» 190፣ «ኤች» 210፣ «ቪ» 240፣ «ደብሊው» 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

በኢትዮጵያ በየትኛውም መንገድ ላይ ከ120 በላይ መንዳት ስለማይፈቀድ «ባለ ቲ ምን አነሰው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ፊደሉ ስለ ፍጥነት ብቻ አለመናገሩ ነው። ከፍ ያለ ፊደል ያለው ጎማ ሙቀትን ይበልጥ እንዲቋቋም፣ ጎኑም መሪ ሲዞር እንዳይዋልል ሆኖ የተሠራ ነው። የመኪናው መሪ፣ ፍሬንና ሞላ የተቃኙት በዚያ ጥንካሬ ላይ ተመሥርተው ስለሆነ፣ ለስላሳ ጎን ያለው ጎማ የተገጠመለት ፈጣን መኪና ድንገት መስመር ሲቀይር ዘግይቶ ይታዘዛል። ስለዚህ ከአምራቹ ትእዛዝ በታች የሆነ የጭነት ቁጥርም ሆነ የፍጥነት ፊደል አለመቀበል ይሻላል። ትእዛዙ በሾፌሩ በር ክፈፍ ወይም በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

ሰፊ ጎማ፣ ትልቅ ቸርኬ

ስፖርታዊ መልክ የሚወድ ባለቤት ጎማ መቀየር ሲያስብ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ ላይ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ግን የተገላቢጦሹ ይበልጥ ያዋጣል።

ሦስት ልኮችን ማነጻጸር ነገሩን ያሳያል። 225/40 በ18 ኢንች፣ 225/45 በ17 ኢንች እና 205/55 በ16 ኢንች ሙሉ ቁመታቸው በቅደም ተከተል 637፣ 634 እና 632 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነታቸው እዚህ ግባ ስለማይባል የፍጥነት መለኪያው አይዛባም። የጎናቸው ከፍታ ግን 90፣ 101 እና 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ18 ወደ 16 ኢንች የወረደ ሰው በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ተጨማሪ ጎማ ያገኛል። ያቺ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቸርኬው እንዳይጣመም፣ የጎማው ጎንም በውስጥ ክሮች መበጠስ ምክንያት እንዳያብጥ ታደርጋለች። በጎኑ እብጠት ያወጣ ጎማ በማንኛውም ሰዓት ሊፈነዳ የሚችልና ፈጽሞ የማይጠገን ስለሆነ ትርፉ ቀላል አይደለም። 205/55 በ16 ኢንች የብዙ የቤት አውቶሞቢሎች ልክ በመሆኑም ምርጫው ሰፊ ነው።

ወደ ትንሽ ቸርኬ ለመውረድ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ጉልበተኛ መኪኖች ትልልቅ የፍሬን ዲስክ ስላላቸው ትንሹ ቸርኬ ላያልፋቸው ይችላል። ከመግዛት በፊት ቸርኬውን ብቻውን አስሮ በእጅ ማዞርና ፍሬኑን እንደማይነካ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ስፋትም እንዲሁ ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። ሰፊ ጎማ በደረቅ አስፋልት ጥሩ ይጨብጣል፤ ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ ግን ከጠባቡ ቀድሞ ይንሳፈፋል፣ ጥርሱ ካለቀ ደግሞ የባሰ። ጎማው ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ መሪም ፍሬንም ለጊዜው ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። በብዙ አገሮች የጥርስ ጥልቀት ዝቅተኛ ወሰን 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ ወሰኑ መድረሱን ያመለክታሉ። ለፈጣን መኪና ግን እስከዚያ መጠበቅ አይበጅም። ጥልቀቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በእርጥብ መንገድ ላይ የመቆሚያው ርቀት በግልጽ ይረዝማል፤ በግንቦት መጨረሻ 3 ሚሊ ሜትር የቀረው ጎማ ያለው ሰው ሰኔን ባይጠብቅ ይመረጣል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በበጋ የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ስለሚያላቁጡት ከነሐሴው ዶፍ ባልተናነሰ ያንሸራትታሉ።

በረዶ የሌለበት አገር

ያገለገሉ ጎማዎችን የሚያይ ገዥ በጎናቸው ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ተስሎ ካገኘ ጎማው የተሠራው ለበረዷማ አገር ክረምት ነው። ጥርሱ ጥልቅና በስስ ቁርጥራጮች የተሞላ ስለሆነ ለእኛም ክረምት የሚስማማ ይመስላል። «ክረምት» የሚለው ቃል ግን ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ውሏል፤ የእነሱ ክረምት ብርድና በረዶ፣ የእኛ ክረምት ለብ ያለ ዝናብ ነው። የበረዶ ጎማ በአዲስ አበባ ሙቀት ይልፈሰፈሳል፣ ፈጥኖ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝም ቶሎ አያቆምም። ለዚህ አገር አየር የሚሆነው በፈረንጆቹ ገበያ «የበጋ ጎማ» የሚባለው ነው። ስሙ ያሳስታል እንጂ ዝናብን ጨምሮ ለሞቃት ወራት የተቀመመው እሱ ነው። ለውድድር ሜዳ የተሠሩና ጥርስ የሌላቸው የሚመስሉ ጎማዎች ግን በሐምሌ ዝናብ አደገኛ ናቸው።

በአንዳንድ ጎማዎች ላይ «ትሬድዌር» የሚል ቃልና ቁጥር ይገኛል። 200 የተጻፈበት ከ500 ይልቅ ቶሎ ያልቃል፤ በምላሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ይጨብጣል። አጠገቡ «ትራክሽን» በሚለው ሥር «ኤ» ወይም ድርብ «ኤ» ያለው በእርጥብ መንገድ ከ«ቢ» እና ከ«ሲ» ይበልጣል። ስሙ ያልታወቀ ብራንድ በርካሽ ሲቀርብ ገዥው ቢያንስ እነዚህን ሊያነጻጽር ይችላል። ከቻይና የሚገቡት እንደ ትሪያንግልና ሊንግሎንግ ያሉትም ሆኑ ውዶቹ ፒሬሊና ብሪጅስቶን በስም ብቻ ሊመዘኑ አይገባም፤ ትናንት የተመረተ መካከለኛ ጎማ ስምንት ዓመት ከተቀመጠ ታዋቂ ጎማ ይሻላል።

ያገለገለ ጎማ መግዛት ግድ ከሆነ ከውስጥ በኩል ሳይታይ መከፈል የለበትም። በውስጥ ያለ ልጥፍ፣ ክብ ዙሪያውን የተፋቀ መስመር (ያለ በቂ ንፋስ መነዳቱን ያሳያል)፣ በጥርሱ ሥር ያሉ ስንጥቆች፣ በቅባት የተሸፈነ ጎን፣ በስለት እንደገና የተቀረጸ ጥርስ — አንዱ እንኳ ከተገኘ ለፈጣን መኪና አይሆንም። ንፋስ የሚያስወጣን ጎማ ውስጥ ላስቲክ ከትቶ መሙላትም እንዲሁ፤ ውስጥ ለውስጥ የሚፈጠረው ፍትጊያ በፍጥነት መንገድ ላይ ሙቀቱን ያንረዋል።

ጎሚስታው ዘንድ

ገንዘብ የሚበቃው ለሁለት ጎማ ብቻ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይታሰሩ። ሞተሩ የፊት ጎማዎችን በሚነዳ መኪና ላይ ይህ ለብዙዎች አይዋጥም፤ ቶሎ የሚያልቁት የፊቶቹ ናቸውና። የፊት ጎማ ሲንሸራተት ግን ሾፌሩ ነዳጅ በመልቀቅ መኪናውን ሊያርቅ ይችላል። የኋላው ከከዳ መኪናው ዞሮ ፊቱን ወደመጣበት ያደርጋል፣ ያንን የሚመልስ ሾፌር ጥቂት ነው። በአንድ አክስል ላይ ሁለት ዓይነት ጎማ ማሰር በማንኛውም ሁኔታ መወገድ አለበት።

ጎሚስታው አስሮ ሲጨርስ በጎማው ጎን ያለው ቀስት ወደ ፊት የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ማመልከቱን፣ «አውትሳይድ» የሚለው ጽሑፍም በውጭ በኩል መታየቱን ማረጋገጥ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ተገልብጦ የታሰረ ጎማ ውኃውን ወደ ውጭ በመግፋት ፈንታ ወደ መሐል ይሰበስባል። ባላንስና አላይመንት ሳይሠራ መሄድም ጎማውን በጥቂት ወራት በአንድ ወገን ያስበላል። ቡሎኖቹ ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና ይጠበቁ።

በከተማዋ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ባትሪያቸው ከባድ፣ የመነሻ ጉልበታቸው ቅጽበታዊ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይጨርሳሉ። ቮልስዋገን አይዲ 4 ለምሳሌ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፤ በ19 ኢንች ከፊት ባለ 235፣ ከኋላ ባለ 255 ጎማ ስለሚጫማም የፊቱን ከኋላ እያፈራረቁ ዕድሜ ማራዘም አይቻልም። ለእነዚህ መኪኖች «ኤክስ ኤል» የሚል ምልክትና ከፍ ያለ የጭነት ቁጥር የሌለው ጎማ፣ ልኩ ቢገጥምም አይገባም።

ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጠዋት ከመነሣት በፊት ነው። ስስ ጎማ ንፋሱ ቢጎድል በዓይን አያስታውቅም። አዳማ ደርሶ መለኪያው ከፍ ማለቱን ያየ ሾፌር ንፋስ ማስተንፈስ የለበትም፤ ጎማው በመሞቁ የመጣ ጭማሪ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ያስተነፈሰ ሰው በማግሥቱ ጠዋት በጎደለ ንፋስ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ የፍጥነት መንገድ ላይ ጎማ ከሚያፈነዱት ምክንያቶች ዋነኛው ደግሞ የንፋስ መጉደል ነው።

የወለቀው አሮጌ ጎማ ጎሚስታው ደጃፍ ቢተው ታጥቦና በቅባት ጠቁሮ ሌላ መኪና ላይ ሊገኝ ይችላል። ጎኑን በስለት ቀዶ መተው ያንን መንገድ ይዘጋል። ጥርሱ ያለቀ፣ ጎኑ የተቀደደ ጎማም ቢሆን ፈላጊ አያጣም፤ በገጠር ከተሞች የበረባሶ ሠሪዎች የሚሹት መሐሉን ነው።